ጦሳ ተራራ ላይ ቢተከልስ?

ጥያቄ፦ ደሴ የፊዚክስ መምህር ነኝ። የጨለማ ቁስን (ብርሃን የማይሰጥ፣ በስበቱ ብቻ የሚታወቅ ቁስ) ፍንጭ በኮስሚክ ጨረር ለመፈለግ መሣሪያ ወደ ጠፈር መላክ ለምን አስፈለገ? ጦሳ ወይም አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ቢተከል አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም፤ ችግሩ አየሩ ነው። ደሴ ላይ እንኳ የከባቢ አየሩ ሦስት አራተኛ ያህል ገና ከራስዎ በላይ ነው፤ አቡነ ዮሴፍ ላይም ከግማሽ በላይ። ከጠፈር የመጣው ቅንጣት አየሩን ሲመታ ይሰባበራል፤ መሬት የሚደርሰው በአብዛኛው ከስብርባሪው የሚወለድ፣ ሙዮን የሚባል ቅንጣት ነው።

በ2011 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ የተገጠመው ኤ.ኤም.ኤስ. የተባለው የቅንጣት መለኪያ መሣሪያ ግን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቅንጣቱን ሳይሰበር ያገኘዋል። በተለይ የሚፈለገው ፖዚትሮን፣ ማለትም የኤሌክትሮን ፖዘቲቭ አቻ ነው፤ የጨለማ ቁስ ቅንጣቶች ሲጋጩ ሊፈጥሩት ይችላሉ ተብሎ ይታሰባልና። ማግኔቱ ኤሌክትሮንንና ፖዚትሮንን በተቃራኒ አቅጣጫ ያጥፋል፤ 9 የሲሊከን ንብርብሮች እጥፋቱን ይለካሉ። አስቸጋሪው ፕሮቶን ነው፦ የኤሌክትሪክ ሙሌቱ እንደ ፖዚትሮን ፖዘቲቭ ነው፣ ብዛቱ ደግሞ በሺዎች እጥፍ። የሚለያቸው ከታች ያለው፣ ከእርሳስ ማዕድንና ከፋይበር የተሠራው ካሎሪሜትር (ጉልበት መለኪያ) ነው፤ ፖዚትሮን ጉልበቱን እዚያው ይጨርሳል፣ ፕሮቶን ብዙውን ጊዜ ይዞት ያልፋል።

ከ10 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣት ጉልበት መለኪያ) በላይ ፖዚትሮን ከተጠበቀው በልጦ ተገኝቷል፤ 300 አካባቢ ሲደርስ ይቀንሳል። ጨለማ ቁስ ነው ብሎ መደምደም ግን ችኮላ ነው፤ ፑልሳር የሚባሉት ኮከቦችም ፖዚትሮን ይረጫሉ።

ለተማሪዎችዎ ግን ጦሳ ግሩም ነው። ሁለት የጋይገር ቱቦዎችን አንዱን ከአንዱ በላይ አጋድመው፣ ሁለቱም በአንድ ቅጽበት የመዘገቡትን ብቻ እንደ ሙዮን ይቁጠሩ፤ አንድ ቱቦ ብቻውን የአፈሩንም ጨረር ይቆጥራል። ኮምቦልቻ ወርደው ቢደግሙት ቁጥሩ ያንሳል።