ለኮምቦልቻዋ ልጅ፦ ሆረሩን በጠራራ ፀሐይ ቅረጹት

«ኮምቦልቻ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የሚኒ ሚዲያ ክበባችን ለትምህርት መዝጊያ የሚታይ አጭር የሆረር ፊልም ሊሠራ ነው። ተመልካቾቹ እኩዮቻችን ናቸው። ጥናቱንና ዕቅዱን ከየት እንጀምር?» ብላ ለጠየቀችው እህታችን ነው የምጽፈው።

እህቴ፣ «ጥሩ ካሜራ ተከራዩ» እያሉ የሚመክሩሽን ለጊዜው ተያቸው። እኛም ደሴ ላይ ልክ እንደናንተ ነበርን። ካሜራ የለም፣ ገንዘብ የለም፣ ያለን ስልክና ጉራ ብቻ። በመጨረሻ ግን አዳራሽ ሙሉ ተማሪ አስጩኸናል። ይሄን ስጽፍ እየኮራሁ ነው። ስክሪፕት እንዴት ይጻፋል፣ ስቶሪቦርድ ምንድን ነው የሚለውን አልነግርሽም፤ እሱን ታውቂዋለሽ።

1. መጠይቅ አትበትኑ። እኛ የክበቡ ተጠሪ መምህር አዘውን «ምን ያስፈራሃል?» የሚል ወረቀት በትነን ነበር። ወንዶቹ ከዳር እስከ ዳር «ምንም» ብለው መለሱ። አንዱ «የሒሳብ አስተማሪያችን» ብሎ ጻፈ። ጎረምሳ ጓደኛው አጠገብ ተቀምጦ ፈራሁ አይልም፤ ብትገርፊው አይልም። እናንተ ጥቂት ልጆች ክፍል ውስጥ ሰብስቡና የሚያስፈራ ቁራጭ ቪዲዮ ክፈቱላቸው። ከመካከላችሁ አንድ ሰው ለስክሪኑ ጀርባውን ሰጥቶ እነሱን ይይ። ስልኩን የሚያወጣው የት ጋ ነው? ነጠላዋን ወይ ሂጃቧን ወደ አፏ የምትስበው መቼ ነው? ሳቅ ካያችሁ በተለይ ልብ በሉ። ብዙ ጊዜ ፍርሃቱን የሚሸፍነው ሳቁ ነውና ደቂቃውን ጻፉት።

ከዛ አንድ በአንድ ለብቻቸው አነጋግሯቸው። «ምን ትፈራለህ?» ሳይሆን «ቤት ውስጥ አታድርግ የተባልከው ነገር ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እዚህ ጋ ነው ሀብቱ ያለው። ማታ አታፏጭ፣ እባብ ትጠራለህ። በቀትር አመድ ላይ አትቁሚ። የፈላ ውሃ ውጪ ስትደፊ የፈጣሪን ስም ጥሪ። እኛ ደብተር ሞልተን ነው የተመለስነው። የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ልጅ የሚናገረው አንድ ዓይነት ነው፤ ወሎ ነዋ። ይሄን መዝገብ አትጣሉት፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

2. ቡዳን ተዉት። ሁሉም የሚጀምረው ከሱ ነው፤ ጅብ የሚሆን ሰው፣ ሌሊት፣ መቃብር። እኛም ጋ አንዱ ጓደኛችን «ጅብ የሚሆን ቀጥቃጭ» የሚል ሐሳብ ይዞ መጥቶ ሁሉም ሳቀ። ላይት ሊይዝልን የመጣው ልጅ ብቻ አልሳቀም። አባቱ ማረሻ ይቀጠቅጣሉ። በማግስቱ ቀረ፤ ቤቱ ድረስ ሄደን ለምነን ነው የመለስነው። ቡዳ እየተባሉ ሲገለሉ የኖሩት ቀጥቃጮች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ሸማኔዎች ናቸው። የእነሱ ልጅ አንቺም ክፍል ውስጥ አለ። ሰውን ማስፈራት ሌላ፣ የሰው ልጅን አንገት ማስደፋት ሌላ።

3. የጥይት ድምፅ አታስገቡ። የበር ድብደባም ቢሆን አስባችሁበት። በ2014 ጦርነቱ ደሴም ኮምቦልቻም ሲገባ ዛሬ 12ኛ ክፍል ያለው ልጅ ገና ትንሽ ልጅ ነበር። ምን እንዳየ አታውቂም። ለሙከራ ካሳየናቸው አንዷ በር በኃይል ሲመታ የሚያሳይ ቦታ ላይ ተነስታ ወጣች። ፊቷ ላይ የነበረው ሰው ለመዝናናት ብሎ የሚፈራው ፍርሃት አልነበረም። ያንን ሾት ቆረጥነው። ስታሳዩም ፊልሙ ስለምን እንደሆነ ቀድማችሁ ንገሩ፤ መውጣት የፈለገ ሳይሳቅበት ይውጣ። ድሮን የምትሉትን ነገር ደግሞ እንዳታስቡት። ፈቃዱም አይገኝም፣ ድምፁን ሰምቶ የሚደነግጠውም ሰው ብዙ ነው።

4. ፈቃድ። እዚህ ጋ ትንሽ ታገሺኝ፣ ንዴቴ ገና አልበረደም።

ዕቅዳችን ጉም ነበር። ደሴን በሐምሌና በነሐሴ ታውቂያታለሽ። የጦሳ ተራራ ከነአናቱ ይጠፋል፣ አሥር እርምጃ ፊት ያለ ሰው ጥላ ይሆናል። በነጻ የተሰጠን የጭስ ማሽን ነው አልን። ፒያሳ አካባቢ የእንጨት ደረጃ ያለው፣ ተዘግቶ የከረመ ያረጀ ፎቅ ቤት አገኘን። መስኮቱ ግማሹ የለም። ቁልፉ አንድ ቢሮ ነው ያለው። ደብዳቤ አጽፈን፣ አስፈርመን፣ ማኅተም አስመትተን ሄድን።

የተቀበለችን ሴትዮ ከስልኳ ቀና ሳትል «ማኅተሙ ደብዝዟል» አለችን። አሳድሰን ተመለስን። «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው።» ተመለስን። «መስክ ወጥተዋል።» ተመለስን። ሰላምታችንን እንኳ መመለስ ተወች። አንድ ቀን እንደ ዕድል ኃላፊው ተገኙና ስክሪፕቱን እናንብብ አሉ። ፊት ለፊታችን ቀይ እስክሪብቶ አውጥተው እያረሙ ያነቡ ጀመር። «ተማሪ አይሞትም። ይታመምና ሐኪም ቤት ይወሰድ» አሉን። ከዛ ደግሞ ስክሪፕቱ ውስጥ ያለችው መንፈስ የለበሰችው ዩኒፎርም የየትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነ ጠየቁ። በመጨረሻ መነጽራቸውን አውልቀው «ለመሆኑ ትምህርታዊ መልእክቱ ምንድን ነው?» እኔ መልስ አልነበረኝም። ጓደኛዬ «ማታ አለመውጣት» አለ። እሱንም ጻፉት።

ስለ ዩኒፎርሙ ግን ሐቅ አላቸው። እዚህ ከተማ ቀለሙን ያየ ሁሉ ትምህርት ቤቱን ያውቃል። እናንተ የማንም ያልሆነ ቀለም ፈልጉ።

ፈቃዱ የተፈረመው ዓመቱ ከተገለበጠ በኋላ ነው። መስከረም! ቁልፉን ተቀብለን ስንሄድ ሰማዩ ጠርቶ፣ ጦሳ ታጥቦ፣ ግቢው በአደይ አበባ ተሞልቷል። መንፈሷ በሩ ላይ ስትቆም አበባ ይዛ «አበባየሆሽ» ልትዘፍን የመጣች ነው የምትመስለው። ክረምቱን ሙሉ ስንለማመድ ከርመን ጉማችንን የበላው ያ ቢሮ ነው። ይቅር አልላቸውም።

ቁጥሩ ስንት ላይ ነበርኩ? ይሁን። የተረፍነው በጓደኛችን አያት ነው። ቡና አፍልተው ብሶታችንን ሲሰሙ ቆዩና «ምነው ልጆቼ፣ ጉሙን ምን ልታደርጉት ነው? ጋኔን የሚለክፈው በቀትር አይደል እንዴ?» አሉን። እውነታቸውን ነው። ልክፍት የሚባለው ሁሉ ስድስት ሰዓት ላይ ነው፤ ወንዝ ዳር፣ አመድ መድፊያ፣ ሰው ጭር ሲል። ዳዊት ላይም «ከቀትር ጋኔን» ይላል። እኛ ሌሊትና ጉም ስናሳድድ ያቺ ደብተራችን ውስጥ ተጽፎ ተቀምጧል።

ፎቅ ቤቱን ተውነው፤ ቁልፉን መልሰን የአያትየው ጓሮ ገባን። ታሪኩ ይቺ ናት። እናት ሰኞ ገበያ ሄዳለች። ልጅቱ ብቻዋን ናት፣ ፓስታ ትቀቅላለች፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አለ። የፈላውን ውሃ ይዛ ወደ ጓሮ ትወጣለች፤ አመዱ ላይ ልትደፋው ነው። ፀሐዩ አናት ላይ ነው። በቃ። ምንም አልተፈጠረም። ግን አዳራሹ ውስጥ ድስቱን ስታነሳ ከኋላ አንዱ «ቢስሚላህ በይ እንጂ!» ብሎ ጮኸ፤ ከወዲያ በኩል ደግሞ «በስመ አብ በይ፣ በስመ አብ!» ሳቅ ሆነ፣ ከዛ ሳቁ ቀጥ አለ። እሷ ማዳመጫ አድርጋለች፣ አትሰማም። ደፋችው።

የፊልም ዳይሬክተሩ ሂችኮክ ደጋግሞ ያነሳት የነበረች ነገር አለች። ጠረጴዛ ሥር ያለ ቦምብ ድንገት ቢፈነዳ ተመልካቹ ለ15 ሰከንድ ይደነግጣል፤ ቦምቡ እንዳለ ቀድሞ ካወቀ ግን ለ15 ደቂቃ ይጨነቃል። የኛ ቦምብ የፓስታ ውሃ ነው። መኖሩን ማስረዳት አላስፈለገንም፤ እናቶቻቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ አስረድተውልናል። ለዛ ነው «አታድርግ የተባልከው ነገር ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ ያልኩሽ።

ሁሌ «ፓራኖርማል አክቲቪቲ የሚባለው ሆረር ፊልም እኮ በ15 ሺህ ዶላር ነው የተሠራው» የሚል ሰው አይጠፋም። ልክ ነው። እኛ ጋ ግን በ15 ሺህ ዶላር የሚታሰበው ፊልም ሳይሆን ሌላ ነገር ነው። ከዛ ታሪክ የሚጠቅምሽ ገንዘቡ አይደለም፤ ዳይሬክተሩ በገዛ ቤቱ መቅረጹ ነው። ማኅተም ደበዘዘ የሚለው የለም።

አሁን ስለ ቀትር ቀረጻ። አንቺ ኮምቦልቻ ስለሆንሽ ከኛ የተሻለ ዕድል አለሽ፤ ሐረጎን ወርዶ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል ፀሐያችሁ ፀሐይ ነው። ፎቶ አንሺ ሁሉ በቀትር አትቅረጹ ይላል፣ ምክንያቱም ብርሃኑ ከአናት ስለሚወርድ ዓይን ሥር ጥላ ይጥላል። እኛ የምንፈልገው ያንን ነው። ልጅቱ አንገቷን ትንሽ ስትደፋ ዓይኗ ጉድጓድ ይሆናል፣ ያለ ሜካፕ። እንፋሎት ግን በቀትር አይታይም። ፀሐዩን ከኋላው፣ ጥቁር ጋቢ ወይ ጥቁር ግድግዳ ደግሞ ከጀርባው አድርጉ፤ ያኔ ይወጣል። ውሃው ለብ ያለ ይሁን፣ እንፋሎቱን ለብቻ ቅረጹት። ለፊልም ብላችሁ ልጅ እንዳታቃጥሉ። ስልኩ በሙቀት ራሱን ይዘጋል፤ ሽፋኑን አውልቁ፣ በየሾቱ መሃል ጥላ ውስጥ አስቀምጡት።

ቦርከና ዳር እንቅረጽ ማለታችሁ አይቀርም። ዳሩ ላይ ቅረጹ እንጂ ልጅ ውሃው ውስጥ አታስገቡ፤ የከተማውም የፋብሪካውም ፍሳሽ የሚገባበት ውሃ ነው።

ድምፅ ላይ ሰነፍ አትሁኑ፣ ግማሹ ፍርሃት እሱ ነው። የዙሁር አዛን የሚወጣው ቀትር ላይ ስለሆነ ቀረጻውን አቁማችሁ ጠብቁ። አዛንም ሆነ ቅዳሴ ከአስፈሪ ትዕይንት ሥር እንዲሰማ አታድርጉ፤ ነገር ታመጣላችሁ፣ ደግሞም ነውር ነው። ሲያልፍ ሁሉም ዝም ብሎ ለአንድ ደቂቃ የቦታውን ጸጥታ ብቻ ቅዱ። ኤዲት ላይ ንግግር ስትቆርጡ ክፍተቱን የሚሞላላችሁ እሱ ነው። እኛ የልብ ምት ያስመሰልነው ሙቀጫ ነው። አያትየው ከጎረቤት ቡና ሲወቅጡ ከግድግዳ ወዲህ ቀዳነው። ማንም ሰው ምን እንደሆነ አላወቀም፣ ሁሉም ግን ተቁነጠነጠ።

ደም ከፈለጋችሁ ስኳር በውሃ አፍልታችሁ ቀይ የኬክ ቀለምና ትንሽ ካካዎ ጨምሩበት። ዝንብ እንደሚሰበስብባችሁ ግን እወቁ፣ በተለይ እናንተ ጋ። እኔን ከጠየቅሽኝ አያስፈልግም። ይሄ ፊልም ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ታናናሾቻችሁም እናቶቻችሁም ያዩታል። መምህራኑ ደግሞ ደም ካዩ መሃል ላይ ነው የሚያጠፉት።

ከ18 ዓመት በታች የሆነ ተዋናይ ካላችሁ ወላጁ ይፈርም፤ በቃል «እሺ» ብሎ ቀረጻ መሃል ልጁን የሚወስድ አባት አይቻለሁ። ሴቶቹን ከመግሪብ በፊት ቤት አድርሱ፣ ያኔ በሚቀጥለውም ቀን ይልኩላችኋል። የቀትር ፊልም ጥቅሙ ይሄም ነው፤ ሰዓት እላፊ የለ፣ ባጃጅ ጠፋ የለ።

ያ ቢሮ ምን እንዳደረገ ልንገርሽ። ፊልማችን ስሙ ሲነሳ ጊዜ ደውለው ለፕሮግራማቸው ማድመቂያ ጠየቁን። ጓደኛዬ ስልኩን ተቀብሎ «ደብዳቤ ይዛችሁ ኑ፣ ማኅተሙ ይታይ» አላቸው። እስካሁን አልመጡም።

የጊዜ ሰሌዳችሁን ከአሁኑ ያዙ። የመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና እንዳለቀ ያለችው እረፍት ትበቃችኋለች። እሷን ካሳለፋችሁ በልግ ይገባና አንዱ ሾት ፀሐይ ሌላው ደመና ሆኖ ኤዲት ላይ ታለቅሳላችሁ፤ ከዛ ደግሞ የናንተ ማትሪክ አለ። አብሽሪ፣ ትችያለሽ። ከልጆቹ የሰበሰባችሁትን «አታድርግ» ዝርዝር እዚሁ ለጥፊው፤ ማታ ማታ ስለምገባ አይቼ የትኛው ፊልም እንደሚወጣው እነግርሻለሁ።