ከሠርተፊኬቱ ማግስት

ጥያቄ፦ በቃሊቲ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የመሠረታዊ ሠራተኛ ማኅበራችን ጸሐፊ ነኝ። አምና አምስት አመራሮች የሦስት ቀን ሥልጠና ወስደን ሠርተፊኬት ተሰጥቶናል። ከዚያ ወዲህ ግን አንድም አዲስ አባል አልመጣም። ከ640 ሠራተኛ አባል የሆነው 150 ብቻ ነው። የጎደለን ምንድን ነው?

መልስ፦ የጎደላችሁ ሠልጣኙ ሲመለስ የሚጠብቀው ሥራ ነው። ሥልጠና በአበልና በሠርተፊኬት ካበቃ እውቀቱ አምስቱ ሰዎች ጋ ይቀራል። እንዲያውም ሠራተኛው “እነሱ ያውቁልናል” ብሎ ይብስ ይርቃል።

ከሚላከው ሰው እንነሳ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 82 ለሴሚናርና ለሥልጠና ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ የሚሰጠው ለማኅበር መሪዎች ነው። የፈቃዱ አሰጣጥ ግን በኅብረት ስምምነት (ማኅበሩና አሠሪው በሚፈራረሙት ውል) ሊወሰን እንደሚችል አንቀጹ ራሱ ይናገራል። ስለዚህ በሚቀጥለው ድርድር ከየስፌት መስመሩ አንድ ተወካይ በዓመት ሁለት ቀን ከነደመወዙ እንዲሠለጥን ጠይቁ። እስከዚያው በምሳ ሰዓት ወይም እሑድ አንዷ ቤት ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ሆናችሁ ተሰብሰቡ። የምትጠሩት ስብሰባ ላይ ብዙ የሚናገረውን ብቻ አይሁን። ዕቁብ የምትሰበስበውን፣ ሰው ሲሞት ለለቅሶ ቤት ብር የምታዋጣውን ፈልጉ። ሰው ብሩን ያመናት ሴት ስለ ማኅበር ስትናገርም ትሰማለች።

ለመጀመሪያው ቀን አዋጁን ከአንቀጽ 1 ጀምሮ ማንበብ አይበጅም፤ ያንቀላፋሉ። እያንዳንዷ የራሷን የደመወዝ ወረቀት ይዛ ትምጣ። ወርኃዊ ደመወዟ 4,160 ብር ነው እንበል። በወር 208 የሥራ ሰዓት (26 ቀን በ8 ሰዓት) ሲካፈል የሰዓቱ 20 ብር ይመጣል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ 10 ሰዓት ትርፍ ሰዓት ከሠራች 20 በ1.5 በ10፣ 300 ብር ይገባታል። ወረቀቱ 250 ካለ ሒሳቡ በ1.25 ተሠርቷል ማለት ነው፤ ይህ የተሻረው አዋጅ 377/1996 ስሌት ነው። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተት ይደጋገማል። አንዱ ከተጣራው ደመወዝ መነሳት ነው፤ መነሻው ግብር ከመቀነሱ በፊት ያለው መደበኛ ደመወዝ ነው። ሁለተኛውና የከፋው አሠልጣኙ ራሱ ማስላቱ ነው። ካልኩሌተሩ ከእጅ ወደ እጅ ይዙር፤ ቀስ ቢልም ይዙር። በእጇ ያሰላች ሴት ነገ ለጎረቤት ማሽኗ ታሰላለች።

ከዚያ የቤት ሥራ ስጡ፦ እያንዳንዷ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከመስመሯ የሦስት ሰዎችን ወረቀት ባለቤቶቹ ባሉበት ትፈትሽ። ስምንት ብትሆኑ 24 ወረቀት ታየ ማለት ነው። ከ24ቱ 15ቱ ላይ አንድ ዓይነት ጉድለት ከተገኘ የአንድ ሰው አቤቱታ መሆኑ ቀርቷል፤ የመስመሮቹ ተወካዮች አብረው ወደ አስተዳደር ይግቡ። የአባልነት ቅጹን የምታወጡት ያኔ ነው። ቅጹ ቀድሞ ከመጣ ሰው “ለመዋጮ ነው” ይላል።

የሰው ወረቀት ፎቶ እያነሳችሁ ቴሌግራም ላይ አትልቀቁ። ሥራውንም በዕረፍት ሰዓት ብቻ አድርጉት፤ በሥራ ሰዓት ከሆነ ለዲሲፕሊን ክስ ሰበብ ይሆናል። የማኅበር አባል መሆን ግን በአዋጁ አንቀጽ 26 መሠረት ለስንብት ምክንያት አይሆንም። ይህን አንቀጽ ሁሉም በቃል ይያዘው።

ጥያቄ፦ ገላን ነው የምሠራው። ፋብሪካችን ሠራተኛ መርጦ ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ የሚሰፋ ማሽን) ያሠለጥናል። ይህ ማኅበሩን ያገባዋል?

መልስ፦ በጣም ያገባዋል። ሠልጣኙን ማን ይመርጣል? የሥልጠናው ሰዓት ይከፈላል? ሁለተኛ ማሽን የቻለች ሠራተኛ ደመወዟ በስንት ወር ይስተካከላል? መልሱ በኅብረት ስምምነቱ ካልተጻፈ ምርጫው የሱፐርቫይዘሩ ይሆናል፤ ሠራተኛዋም ሁለት ሙያ ይዛ በአንድ ደመወዝ ትቀጥላለች። “ማኅበር ለጭቅጭቅ ነው” የሚሉ ወጣቶች በዚህ ጉዳይ ይመጣሉ።

ጥያቄ፦ እኛ 40 ነን፤ ማኅበር የለንም። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ከአሥር በላይ ሠራተኛ ስላላችሁ ማኅበር ማቋቋም ትችላላችሁ፤ አባላቱ ከአሥር እንዳያንሱ። የሌላ ፋብሪካ መተዳደሪያ ደንብ ቀድታችሁ አትፈርሙ። ረቂቁን አንቀጽ በአንቀጽ አብራችሁ አንብቡ፤ መዋጮው ስንት ነው፣ ገንዘቡን ማን ይፈርማል፣ መሪ እንዴት ይወርዳል በሚለው ላይ ተከራከሩ። የመጀመሪያው ትምህርታችሁ ይኸው ክርክር ነው። ከዚያ ደንቡን፣ የመሪዎቹን ስም፣ አድራሻና ፊርማ፣ የማኅበሩን ስምና ዓርማ ለመዝጋቢው አካል (የሠራተኛ ጉዳይ ለሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት) አስገቡ። የምስክር ወረቀቱ በ15 ቀን ውስጥ መሰጠት ስላለበት፣ ስታስገቡ ቀን የተጻፈበትና ማኅተም ያረፈበት ቅጂ እጃችሁ ላይ አስቀሩ።