ክዳኑ ሲነካ የሚጮኽ፣ ሰው ሲናገር የማይሰማ ማይክ

የጻፉልኝ አዘዞ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ናቸው። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ቅዳሜ ማታ ውጭ አገር ላሉ የልጅ ልጆቻቸው በዙም ፊደል ያስቆጥራሉ። ልጃቸው የላከላቸው ያገለገለ ላፕቶፕ ስክሪኑ ተሰብሮ እዚሁ ጎንደር አስቀየሩት፤ ከዚያ ወዲህ ልጆቹ «አባባ አይሰማም» ማለት ጀመሩ። የማይኩን ድምፅ 100 አድርሰውታል። ቡስት፣ ማለትም የማይኩን ድምፅ ይበልጥ የሚያጎላውን ማስተካከያ፣ ሲጨምሩ «ሽሽሽ» ይላል። ሁለት ጊዜ ፎርማት ተደርጎ ለውጥ የለም። ቻርጀር ሲሰካ ደግሞ «ዝዝዝ» የሚል አለ። ካቻቢቴ መያዝ እንደማያቅታቸውም ነግረውኛል። ከዚያ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል ያደረጓት አንዲት ነገር አለች፦ «ካሜራው ፊቴን እንዲያሳይ ክዳኑን ስነካካ ግን ልጆቹ ጆሯችንን አደነቆርኸን ይላሉ።»

ጋሼ፣ ሌላውን ሁሉ ባይጽፉልኝ እንኳ ይቺ ትበቃኝ ነበር። ማይኩ ደህና ነው። ማይኩ ራሱ ደክሞ ወይም ሴቲንጉ ዝቅ ብሎ ቢሆን ኖሮ ክዳኑ ሲነካ የሚሰማው ጓጓታም አብሮ በደከመ ነበር። የክዳኑ ንዝረት በፕላስቲኩ በኩል ቀጥ ብሎ ማይኩ ዘንድ ይደርሳል። የርስዎ ድምፅ ግን በአየር መጥቶ፣ ካሜራው አጠገብ ባለች 1 ሚሊሜትር በምታህል ቀዳዳ ሾልኮ መግባት አለበት። ንዝረቱ ከደረሰና ድምፁ ካልደረሰ ቀዳዳዋ ተደፍናለች ማለት ነው። ችግሩ ስክሪን ከተቀየረ በኋላ መምጣቱ ደግሞ ማን እንደደፈናት ይጠቁማል።

ሳይፈቱት በፊት ግምቴን ይፈትኑልኝ። ዙምን ይተዉትና ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን የድምፅ መቅጃ ይክፈቱ፤ ያለ ዙም ሲቀዳም ድምፁ ከደከመ ዙም ነጻ ወጣ። የስልክዎን ባትሪ አብርተው የስክሪኑን የላይኛውን ጠርዝ ይዩ፤ በብዙ ላፕቶፖች ላይ ከካሜራው ግራና ቀኝ አንዳንድ ጥቃቅን ቀዳዳ አለ። ካሜራ መሸፈኛ ለጥፈው ከሆነ መጀመሪያ እሱን ይንቀሉ፤ ሰው ካሜራውን ሲሸፍን ማይኩንም አብሮ እንደሚሸፍን ልብ አይልም። ከዚያ እየቀዱ ከ1 እስከ 10 ይቁጠሩ። መሃል ላይ አንዱን ቀዳዳ በጣትዎ ይድፈኑ፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ ቀጥሎ ሁለቱንም። መልሰው ሲያዳምጡ ጣትዎ ምንም ለውጥ ካላመጣ ቀዳዳዎቹ ድሮም ተደፍነው ነበር። ለውጥ ካመጣ እኔ ተሳስቻለሁ፣ ወደ ታች ሌላ መላ ጽፌያለሁ።

አደራ፣ ቀዳዳዋን በመርፌ እንዳይወጉ። አየር በፓምፕ እንዳይነፉባትም። በውስጧ ያለችው ስስ ሽፋን ከወረቀት እጅግ የሳሳች ናት፤ አንዴ ከተቀደደች ማይኩ አለቀ። አልኮል ማፍሰስም እንደዚያው።

አሁን ስለ ቡስት። ለፊዚክስ መምህር ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያውን) ማስተማር ድፍረት ነው፤ ግን ሱቄ የሚመጣው ሰው ሁሉ ድምፅ አነሰ ሲባል የሚሮጠው ወደ ቡስት ስለሆነ ይፍቀዱልኝ። ማይክ ዝም ባለ ክፍል ውስጥ ብቻውን ቢቀመጥ እንኳ የራሱ የሆነ ሹሹታ አለው። ላፕቶፕ ላይ የሚገጠሙት ትንንሽ ዲጂታል ማይኮች ከ94 ዴሲቤል ድምፅ አንጻር ሲለኩ ሹሹታቸው 60 ዴሲቤል ወይም ትንሽ በለጥ ብሎ ዝቅ ያለ ነው። 62 ብለን እንያዝ፤ 94 ሲቀነስ 62፣ ሹሹታው 32 ላይ ቁጭ አለ። ሰው በደህና ድምፅ ሲያወራ 1 ሜትር ላይ 60 ዴሲቤል ገደማ ይደርሳል። በድምፅዎና በሹሹታው መካከል 28 ዴሲቤል ክፍተት አለ ማለት ነው፤ ይህ ለወሬ ከበቂ በላይ ነው። አሁን ቀዳዳዋ ላይ ፕላስተር ይለጠፍና 20 ዴሲቤል ይዋጥ እንበል። ድምፅዎ 40 ሆኖ ይገባል። ሹሹታው ግን ከማይኩ ከራሱ የሚወጣ ስለሆነ ፕላስተር አያግደውም፤ እዚያው 32 ላይ ነው። ክፍተቱ 8 ቀረ። እዚህ ላይ ቡስቱን በ20 ዴሲቤል ሲጨምሩ ሁሉንም ነገር በ10 እጥፍ አበዙት፤ ድምፅዎ 60፣ ሹሹታው 52። ልጆቹ አሁን ይሰሙዎታል፣ ግን ዝናብ ውስጥ እንደቆሙ ሆነው ነው። ክፍተቱ ያው 8 ነው። ቡስት ክፍተት አያሰፋም፣ ከነአተላው ያጎላል እንጂ። ክፍተቱን የሚያሰፋው ከማይኩ በፊት ያለው መንገድ ነው፦ ቀዳዳውን መክፈት፣ ወይም መቅረብ። ርቀቱን በግማሽ ሲቀንሱ 6 ዴሲቤል ያተርፋሉ፤ ከ60 ሴንቲ ሜትር ወደ 15 ሲጠጉ ወደ 12 ዴሲቤል፣ ማለትም 4 እጥፍ። ያውም ያለ ምንም ሹሹታ። በግድግዳ ነጸብራቅ ምክንያት ቤት ውስጥ ስሌቱ ትንሽ እንደሚዛነፍ እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል፤ ለኛ ሥራ ግን ይበቃል።

ለዚህ ነው ፎርማቱ የሚያናድደኝ። ቀዳዳው ላይ ፕላስተር ለጥፎ ዊንዶውስ መጫን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ማይክ አነሰ፣ ፎርማት። ዋይፋይ ዘገየ፣ ፎርማት። ደንበኛው ፎቶውን ያጣል፣ ገንዘቡን ይከፍላል፣ ችግሩን ይዞ ቤቱ ይገባል።

ወደ መፍታቱ እንግባ። ከሁሉ በፊት፦ ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ ያጥፉ፣ እንዲያው ክዳኑን መዝጋት አይበቃም። ቻርጀሩን ይንቀሉ። ከዚያ የታችኛውን ሽፋን ፈትተው የባትሪውን ሶኬት ከማዘርቦርዱ (ከዋናው ሰሌዳ) ያላቁ። ቻርጀር ነቅያለሁና ይበቃል የሚል ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ ወደ ስክሪኑ የሚሄደው ገመድ የኋላ መብራቱን ኃይል ይዞ ነው የሚሄደው፣ ባትሪ እንደተሰካ ካቻቢቴ ቢያንሸራትትዎ የመብራቱ ፊውዝ ይቃጠላል። ማይክ ሊያስተካክሉ ገብተው ስክሪን አጨልመው ይወጣሉ። ባትሪው አብጦ ካገኙት ደግሞ እዚያው ላይ ያቁሙ፤ አይጫኑት፣ በስለት አይንቀሉት፣ ሽፋኑን ሳይገጥሙ ወደ ባለሙያ ይውሰዱት። ያበጠ ሊትየም ባትሪ ከተበሳ በእሳት ሊያያዝ ይችላል።

የስክሪኑ ዙሪያ ጠርዝ በብዙዎቹ ላይ በመንጠቆ ነው የሚያዘው፤ አንዳንዱ ታች ጥግና ጥጉ ላይ በትንንሽ ጎማ የተሸፈነ ብሎን አለው። ብረት አይጠቀሙ፣ ያረጀ ኤቲኤም ካርድ ይሻላል። ከውስጠኛው ጠርዝ ጀምረው ቀስ እያሉ ወደ ውጭ ያላቁት። መስታወቱ እስከ ዳር ድረስ የሚሄድ ወይም በጣት የሚነካ ስክሪን ከሆነ ግን እዚህ ያቁሙ፤ እሱ ተለጥፎ የተሠራ ነው፣ ሲያስገድዱት ይሰነጠቃል።

ጠርዙ ሲወጣ ካሜራው የተቀመጠባት ቀጭን ሰሌዳ ትታያለች። ማይኮቹ በግራና በቀኝ ናቸው፣ እንደ ሩዝ ፍሬ ትንሽ ብረታማ ሳጥን። በፋብሪካ አሠራሩ እያንዳንዳቸው ፊት ለፊት ቀለበት የመሰለች ጎማ ወይም ስፖንጅ አለች፤ ሥራዋ ድምፁን ከቀዳዳው ቀጥታ ወደ ማይኩ ማድረስ፣ ወደ ክዳኑ ውስጥ እንዳይበተን ማድረግ ነው። እኔ የምገምተው ከሁለት አንዱን ያገኛሉ። ወይ ያንን ጠርዝ ለማጣበቅ ሁለት ፊት የሚያጣብቅ ፕላስተር ከዳር እስከ ዳር ተለጥፎበታል፣ ቀዳዳ ይኑር አይኑር ያየ ሰው የለም። ወይ ጎማዋ ወድቃ ከአሮጌው ስክሪን ጋር ተጥላለች። ሦስተኛ ነገርም አይቻለሁ፣ መናገሩ ያሳፍራል፦ ሱፐር ግሉ። መንጠቆው ስለተሰበረ ጠርዙን በሙጫ መግጠም። ሙጫው ቀዳዳ ውስጥ ከገባ ያቺ ሰሌዳ ነች የምትቀየረው።

ፕላስተር ከሆነ ቀዳዳው ዙሪያ 5 ሚሊሜትር ያህል በምላጭ ቆርጠው ያንሱት፤ ምላጩ ጠርዙ ላይ ነው የሚሠራው፣ ሰሌዳዋ ላይ አይደለም። ጎማዋ ከሌለች ሁለት ፊት ካለው ስፖንጅማ ፕላስተር ትንሽ ቁራጭ ወስደው መሃሉን 2 ሚሊሜትር ይብሱና ቀለበቱን ከጠርዙ ውስጠኛ ፊት፣ ልክ ከቀዳዳው ጋር ገጥሞ ይለጥፉ። ወደ ብርሃን ይዘው ቀዳዳው ወዲያ ማዶ እንደሚያሳይ ይዩ። ገመዶቹን በነበሩበት መስመር ይመልሱ። ባትሪውን የሚሰኩት ሁሉም ነገር ቦታው ከገባ በኋላ ነው፤ «እስቲ ልሞክረው» ብለው ስክሪኑ ክፍት እንደሆነ እንዳይሰኩት።

የካሜራው ገመድ ላልቶ ይሆን ብለው ከጠረጠሩ፣ አይመስለኝም። እነዚህ ማይኮች በአብዛኛው ዲጂታል ስለሆኑ ገመድ ሲላላ ድምፁ ይቆራረጣል ወይም ጭራሽ ይጠፋል እንጂ አይደክምም።

በጣት ሲደፍኑት ድምፁ ተለውጦ ከነበረ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው። ሁለት ጊዜ ፎርማት ያደረገው ሰው የላፕቶፑን የራሱን የድምፅ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከድምፅ ክፍሉ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) አልጫነ ይሆናል፤ ዊንዶውስ ያገኘውን ጠቅላላ ድራይቨር ለጥፎ ቡስቱንም ሌላውንም ማስተካከያ ደብቆት ይሆናል። ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ በሞዴሉ ፈልገው የድምፁን ያውርዱ፤ «ድራይቨር ልጫንልህ» የሚል ፕሮግራም ግን አያውርዱ። ዙም ውስጥ የማይኩን ድምፅ ራሱ እንዲያስተካክል የሚፈቅደውን ምልክት ያጥፉና መጠኑን በእጅዎ ይምረጡ። እዚያው ያለው የጩኸት መቀነሻ ከፍተኛው ላይ ከሆነ ወደ ዝቅተኛው ይመልሱት። ሐምሌ ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር ሆነው ከሆነ እሱን ከፍ ለማድረግ ይፈተናሉ፣ አውቃለሁ፤ ግን ደካማ ድምፅን ከዝናቡ መለየት እያቃተው የቃልዎን መጨረሻ ይበላዋል። «ፀ» ይሁን «ጸ» ከመለየታቸው በፊት ልጆቹ ፊደሉን ራሱን ይስሙት።

እስኪሠራ ድረስ የስልክዎን ባለ ማይክ ኢርፎን ይሰኩበት። አንድ የኢርፎን ቀዳዳ ብቻ ያለው ላፕቶፕ ከሆነ መሰኪያው 3 ጥቁር ቀለበት ያለበት መሆን አለበት፤ 2 ብቻ ካለው ማይክ የለውም፣ ላፕቶፑም በዚያው በተደፈነው ማይክ ይቀጥላል። ቅዳሜ ገበያ መሬት ላይ ተዘርግተው የሚሸጡትን ኢርፎኖች ግን አልመክርም፣ የማይኩ ገመድ ከፀጉር የቀጠነ ነው፣ ሁለት ሳምንት ካገለገለ ደግ ነው። ብሉቱዝም ለዚህ ሥራ አይሆንም፦ ማይኩ ሲበራ የድምፁ ጥራት ይወርዳል፣ ለፊደል ትምህርት ደግሞ «ጠ» እና «ተ» መለየት አለባቸው።

ዝዝዝታው የተለየ በሽታ ነው። ቻርጀሩን ነቅለው በባትሪ ብቻ ያውሩ፤ ከጠፋ ጥፋቱ የቻርጀሩ ወይም የቤትዎ የመሬት ገመድ ነው። ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ እያለ ብረቱን ሲነኩት ጣትዎን የሚነዝርዎ ከሆነ፣ የመሬት ገመዱ የሚገናኝበትን የሶኬቱን ሦስተኛ እግር ቆርጠው ወይም ባለ ሁለት እግር ማራዘሚያ ላይ ሰክተውት እንደሆነ ይዩ። ያ እግር ለጌጥ አይደለም፣ እንዲቆረጥ ማንም አይምከርዎ። ርካሽ የቻርጀር ቅጂዎች ውስጥ ጩኸቱን የሚያጣሩት ክፍሎች እየተዘለሉ ይሠራሉ፤ ክብደታቸው ራሱ ይመሰክርባቸዋል።

ሁሉም ካለቀ በኋላ የማይኩን ድምፅ 80 አካባቢ፣ ቡስቱን 0 ላይ ያድርጉና ይጀምሩ፤ ካነሰ ቡስቱን +10 ዴሲቤል ማድረግ ይበቃል። ካልሆነ ላፕቶፑን ጠርዙን ሳይለጥፉት ወደ ሱቅ ይዘውት ይምጡ፣ ቻርጀሩንም አይርሱት። ባትሪውን ሳያላቁ ግን ምንም እንዳይነኩ።