አደባባይ ላይ እግረኛ ለሹፌር የማይታየው ለምንድን ነው?

እህቴ፣ «ሰፈራችን አደባባይ ላይ ዜብራ አለ፣ መኪና ግን አይቆምልንም፤ የትራፊክ መብራት ቢተከል አይሻልም ወይ?» ላልሽው፣ አዲስ አበባ ከመገናኛ አራት ኪሎ ሚኒባስ ስነዳ ኖሬ አሁን ዋሽንግተን ስለምነዳ ያየሁትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ የሹፌሩን አንገት አስቢ። እኛ አገር በቀኝ ስለሚነዳ አደባባይ ውስጥ ያለው መኪና የሚመጣው ከግራ ነው፤ ቅድሚያውም የእሱ ነው። ሊገባ የቆመው ሹፌር ዓይኑን ግራው ላይ ተክሎ ክፍተት ይጠብቃል፤ ባገኘ ቅጽበት ነዳጅ ይረግጣል። በቀኙ በኩል ዜብራው ላይ የወረድሽው አንቺ ለእሱ የለሽም። እኔ ራሴ አንዲት ተማሪ ለጥቂት ነው የሳትኳት። ረዳቴ የበሩን ላሜራ ባይደበድበው ኖሮ አላያትም ነበር። ዛሬም ትዝ ሲለኝ እግሬ ፍሬን ይፈልጋል።

ስለዚህ ዜብራው አደባባዩ አፍ ላይ ተቀብቶ ከሆነ ችግሩ እዚያ ነው። አንድ መኪና የሚቆምበት ያህል፣ 6 ሜትር ገደማ፣ ወደ ኋላ መሸሽ አለበት። ያኔ ሹፌሩ መጀመሪያ አንቺን ያሳልፋል፣ ከዚያ ተጠግቶ ግራውን ያያል። የሚወጣውም መኪና ቢቆምልሽ ጭራው ክቡን አይዘጋም። መንገዱ መሀል ከፍ ያለ የእግረኛ መቆሚያ ካለማ እሰየው፣ በአንዴ የምታዪው አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው።

መብራት እዚህ ዋሽንግተን ዱፖንት ሰርክል ላይ አለ፤ ክቡ ውስጥ ገብተሽም ቀይ ያቆምሻል። ግን ሰፊ ነው፣ ከሥሩም የኮኔክቲከት ጎዳና በዋሻ ያልፋል። ጠባብ አደባባይ ላይ መውጫው አጠገብ ቀይ ቢበራ ሦስት አራት መኪና ተሰልፎ ክቡን ይዘጋዋል፣ ሌላውም አቅጣጫ አብሮ ይታሰራል። (ሰፈሩ ኤሌክትሪክ ሲጠፋ የትራፊክ መብራቱም እንደሚጠፋ አትርሺ።)

መንገዱ በአንድ አቅጣጫ ሁለት ረድፍ ከሆነ ግን እኔም መብራት ይተከል ባይ ነኝ፣ ከክቡ ራቅ ተደርጎ። አንዱ ሲቆምልሽ ሌላው በጎኑ ይፈተለካል፤ ዓይነ ስውር ደግሞ መኪናው ይውጣ ይዙር በድምፅ መለየት ይቸግረዋል።

እስከዚያው አንዱ ቆመልኝ ብለሽ አትሩጪ። የቆመው መኪና አፍንጫ ጋ ስትደርሺ ቆም ብለሽ ሁለተኛውን ረድፍ አጮልቂ። ፍሬቻንም አትመኚ፣ እኛ ሹፌሮች መውጫ ላይ ስንቶቻችን እንደምናበራ አውቃለሁ። ለመሆኑ የእናንተው ስንት ረድፍ ነው?