ዱባይ በ14,000 ድርሃም ወይስ ፍራንክፈርት በ4,200 ዩሮ?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህ፣ ባለቤትህ ለጊዜው ሳትሠራና ሁለት ልጆችህ ትምህርት ቤት እያሉ ከሁለቱ ደመወዞች የትኛው ያኖረናል የሚል ነው። የከተሞችን የኑሮ ዋጋ ከሚያነጻጽረው ከኑምቤዮ ድረ ገጽ ወስደህ የለጠፍከው ንጽጽር ብቻውን አይመልስልህም። የድረ ገጹ የኑሮ ውድነት መለኪያ ኒውዮርክን 100 ብሎ ይነሣል፤ የቤት ኪራይን ግን አይጨምርም፤ ኪራይ የራሱ መለኪያ አለው። ከደመወዝህ የሚቆረጠውንም አያውቅም። ስለዚህ የዳቦና የወተት ዋጋ ትተህ፣ የግድ የሚከፈለው ሁሉ ተከፍሎ በወር ስንት እንደሚተርፍህ አስላ።

የፍራንክፈርቱ 4,200 ዩሮ ያልተጣራ ደመወዝ ነው። ለጡረታ፣ ለጤና፣ ለሥራ አጥነትና ለእንክብካቤ መድን ከ20 በመቶ ትንሽ በላይ ይቆረጣል። ግብሩ የሚወሰነው እንደ ትዳርህ ሁኔታ በሚሰጥህ የግብር ምድብ ነው። ባለቤትህ ኢትዮጵያ እስካለች ድረስ ምድብ 1 ነህ። መጥታ ስትመዘገብ ሁለታችሁንም ምድብ 4 ላይ ያደርጓችኋል፤ አንድ ሰው ብቻ ለሚሠራበት ቤት የሚጠቅመው ምድብ 3 ግን ካላመለከትክ አይሰጥህም። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ በየወሩ ከሚገባው በላይ ያስቆርጣል። በ2025 (እ.ኤ.አ.) ስሌት በምድብ 3 እጅህ የሚገባው ወደ 3,050 ዩሮ ነው። በዚያው ዓመት ለእያንዳንዱ ልጅ ይሰጥ የነበረው 255 ዩሮ ኪንደርጌልድ (የመንግሥት የልጅ ድጎማ) ሲጨመር 3,560 ይሆናል። ባለቤትህና ልጆችህ በአንተው የሕዝብ ጤና መድን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይታቀፋሉ፤ የመንግሥት ትምህርት ቤትም አይከፈልበትም።

የአድራሻ ምዝገባ ቅጹ ላይ ሃይማኖት የሚለውን ሳታስብ አትሙላ። ካቶሊክ ወይም ኢቫንጌሊሽ (ፕሮቴስታንት) ብለህ ከተመዘገብክ በፍራንክፈርት የገቢ ግብርህን 9 በመቶ የቤተ ክርስቲያን ግብር ትከፍላለህ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመን ግን ይህ ግብር የለበትም።

የቤት ማስታወቂያ ስታይ ካልትሚተ የሚለው ባዶ ኪራይ ነው። ዋርምሚተ ማሞቂያና የጋራ ወጪ ያለበት ሲሆን መብራት ብዙውን ጊዜ አይገባበትም። የጋራ ወጪው በግምት የሚከፈል ስለሆነ በዓመቱ መጨረሻ ተሰልቶ ተጨማሪ ክፍያ ሊመጣ ይችላል። ብዙ ቤት ያለ ኩሽና ዕቃ ስለሚከራይ ምድጃና ቁምሳጥን መኖሩን አስቀድመህ ጠይቅ። ዋርምሚተውን 1,600፣ መብራትና በየቤቱ በወር የሚከፈለውን የ18.36 ዩሮ የሬዲዮና ቴሌቪዥን መዋጮ በጥቅሉ 100 ብንል፣ ለምግብ፣ ለትራንስፖርትና ለቁጠባ ወደ 1,860 ዩሮ ይተርፋል። አንዱን ዩሮ በ4 ድርሃም ብንመነዝረው 7,440 ድርሃም ነው።

ዱባይ የገቢ ግብር ስለሌለ 14,000ው ሙሉውን ይደርስሃል። ሆኖም የዓመት ኪራይህ 80,000 ቢሆን በወር 6,667 ነው። የኪራዩ 5 በመቶ የሆነ የማዘጋጃ ቤት ክፍያም በመብራትና ውሃ ቢል ላይ ተከፋፍሎ ይመጣል፤ ይህም በወር 333 ነው። ትልቁ ሸክም ትምህርት ቤት ነው። የውጭ ዜጋ ልጆች በአብዛኛው የሚማሩት በግል ትምህርት ቤት ነው፤ ለአንዱ በዓመት 20,000 ብንይዝ እንኳ ለሁለቱ በወር 3,333 ነው። የሚቀርህ 3,667 ድርሃም ይሆናል፤ ያውም መብራት፣ ውሃና የቤተሰብህ ጤና መድን ሳይቀነስ። ቀጣሪው በሕግ የሚገደደው የአንተን መድን እንዲከፍል ነው፤ የሚስትና የልጆች ግን እነሱን በሚያስመጣው በአንተ ላይ ነው። ብቻህን የምትሄድ ብትሆን መልሱ ይገለበጥ ነበር፤ ቤድ ስፔስ (አንድ አልጋ ብቻ) ተከራይቶ ወይም ክፍል ተጋርቶ ለሚኖር ሰው በዱባይ የሚተርፈው በግልጽ ይበልጣል።

መነሻ ገንዘብም ያስፈልግሃል። ዱባይ ላይ የዓመቱን ኪራይ በአራት ቼክ ለመክፈል ከተስማማህ የመጀመሪያው 20,000፣ መያዣ 5 በመቶ 4,000፣ የደላላ 5 በመቶ ሌላ 4,000፣ የመብራትና ውሃ መያዣ 2,000፤ በጠቅላላ 30,000 ድርሃም ቁልፍ ሳትረከብ ይወጣል። ቀሪዎቹን ቼኮች አስቀድመህ ፈርመህ ስለምትሰጥ በቀናቸው ሒሳብህ ውስጥ ገንዘብ ከሌለ ደረቅ ቼክ ሆነው ገንዘቡን በፍርድ ማስፈጸሚያ በኩል ትጠየቃለህ። ፍራንክፈርት ላይ መያዣው ከሦስት ወር ካልትሚተ አይበልጥም፤ በሦስት ወር ከፋፍሎ መክፈልም የተከራይ መብት ነው።

እኔ በዚህ ቤተሰብና በዚህ ደመወዝ ፍራንክፈርትን እመርጣለሁ። የዱባዩ ቀጣሪ የሁለቱን ልጆች ትምህርት ከከፈለ ግን ቀሪው 7,000 ስለሚሆን ሁለቱ ይቀራረባሉ። እምቢ ከማለትህ በፊት የትምህርት ክፍያውን፣ የቤተሰብ ጤና መድኑንና ከ14,000ው መሠረታዊ ደመወዙ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቃቸው። የሥራ ስንብት ክፍያ በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ለእያንዳንዱ ዓመት የ21 ቀን መሠረታዊ ደመወዝ ነው፤ አበል አይቆጠርበትም። መሠረታዊው 5,000 ከሆነ በዓመት 3,500 ድርሃም፣ 9,000 ከሆነ 6,300 ነው።