ለጀርመን አስተናጋጅ ቤተሰብ ራስን ማስተዋወቅ፦ ጥያቄና መልስ

ጀርመን በኦፔርነት የመጣሁ ነኝ፤ አሁንም እዚሁ እኖራለሁ። ከአገር ቤት እህቶች ለቤተሰቦች የሚጽፉትን ደብዳቤ እያነበብኩ አስተያየት እሰጣለሁ። ለማታውቁት፣ ኦፔር ማለት ከአንድ ቤተሰብ ጋር እየኖሩ፣ ልጅ እየጠበቁና ቀላል የቤት ሥራ እያገዙ ቋንቋና ባህል የሚማሩበት ቆይታ ነው። ቢበዛ አንድ ዓመት፣ እሱም አንዴ ብቻ። ከመጀመራችን በፊት፦ ገንዘብ ላኪ ለሚል «ቤተሰብ» አንዲት ሳንቲም አትላኩ።

የባህር ዳሯ፦ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፣ 21 ዓመቴ። ደብዳቤዬ «ልጆችን በጣም እወዳለሁ፣ ታታሪና ታማኝ ነኝ» ብሎ ይጀምራል። ለብዙ ቤተሰብ ላክሁ፤ መልስ የለም። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ማን እንደሆንሽ አልነገርሻቸውም። ያቺ እናት ማታ ልጆቿን አስተኝታ ስልኳን ስትከፍት፣ ልጆችን በጣም የሚወዱ ብዙ ልጃገረዶች ይጠብቋታል። እሷ የምትፈልገው ሌላ ነው። ጠዋት ለመዋዕለ ሕፃናት ረፍዶ፣ ልጇ ጫማ አላደርግም ብሎ ወለል ላይ ሲንከባለል ምን ታደርጊያለሽ? መልሱን ከኖርሽው አውጪ።

ታናሽ አለሽ? ከስንት ዓመቱ ጀምሮ ያዝሽው? ዳይፐር ቀይረሻል? ሲያተኩሰው አብሮት ያደረው ማን ነው? ለምሳሌ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ «እናቴ ሱቅ ስለምትውል ታናሽ እህቴን ከሁለት ዓመቷ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ የምይዛት እኔ ነበርኩ። ምግብ እምቢ ስትል ጓሮ ይዣት ወጥቼ ዶሮዎቹን እያሳየሁ አጎርሳታለሁ።» ይህ ከአንድ ገጽ «ታታሪ ነኝ» ይበልጣል። ሰንበት ትምህርት ቤት ወይም መድረሳ ሕፃናት ካስተማርሽ ልምድ ነው። የጎረቤት ልጆች ካስጠናሽም ልምድ ነው። እኛ አገር ሴት ልጅ ወንድም እህቶቿን አሳድጋ ሲያበቃ «ልምድ የለኝም» ብላ ትጽፋለች፤ ይህ በጣም ያናድደኛል። የያዝሻቸው ልጆች እናት ወይም የመዋዕለ ሕፃናቱ ኃላፊ አጭር ምስክርነት ትጻፍልሽ።

ከአዳማ፦ ደብዳቤው ስንት ገጽ ይሁን?

መልስ፦ አንድ።

የሐዋሳዋ፦ አባቴ አርፏል፣ እናቴን የምረዳው እኔ ነኝ። ይህን ብጽፍ አያዝኑልኝም?

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ። ያዝኑልሻል፤ ግን አይመርጡሽም። ኦፔር ደመወዝ የለውም፤ የኪስ ገንዘብ ነው ያለው፣ በወር 280 ዩሮ። በዚያ ላይ ቤተሰቡ ለቋንቋ ትምህርት በወር 70 ዩሮ ያዋጣል፤ ምግብ፣ የራስሽ ክፍልና ኢንሹራንስ በእነሱ ነው። ደብዳቤሽ ስለ ችግር ብቻ ከሆነ «ይህቺ ልጅ ገንዘብ ፈልጋ ነው፣ 280 ዩሮ አይበቃትም» ይላሉ። ኤምባሲም ለምን ትሄጃለሽ ብሎ ሲጠይቅሽ ያው ነገር ይመጣል። የአባትሽን ማረፍ በአንድ ዓረፍተ ነገር መግለጽ ትችያለሽ፤ የሕይወትሽ አካል ነው። ለመለመኛ ግን አታድርጊው። ቤት ውስጥ የተሸከምሽውን ኃላፊነት ጻፊ፤ እሱ ያኮራል።

የፍራንክፈርቱ፦ ይቅርታ፣ ይህ በቁልምጫ የተጠራ የቤት ሠራተኝነት ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባች ልጅ ምን በወጣት?

ከኮሎኝ፦ ወንድሜ፣ እኔ በዚሁ መጥቼ ነው ዛሬ ነርስ የሆንኩት። አንተ ስላልሠራኸው አትናቀው።

የፍራንክፈርቱ፦ አልናቅሁም። ከጠዋት እስከ ማታ የሚያሠሯቸው ስላሉ ነው።

መልስ፦ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ፤ ግን ርዕሳችን ደብዳቤው ነው። ሕጉ በቀን 6፣ በሳምንት 30 ሰዓት ነው። ማታ ልጅ ጠብቂ ከተባለም እዚያው ውስጥ ይቆጠራል። በሳምንት አንድ ቀን ተኩል ዕረፍት አለ። ከዚህ በላይ የሚጠይቅ ቤተሰብ ሲያጋጥማችሁ ገና በመልእክት ላይ ሳላችሁ ተሰናበቱ።

የደሴዋ፦ ሂጃብ እለብሳለሁ። ፎቶ ላይ ላውልቀው?

መልስ፦ አይሆንም። የሚቀበሉሽ አንቺን ነው። ስለ ምግብም ጻፊ፦ የአሳማ ሥጋ አልበላም፣ ረመዳን እጾማለሁ፣ ልጆቹን ግን እንደወትሮው አበላለሁ በይ። ኦርቶዶክሶችም እንዲሁ፤ ሁዳዴ ደርሶ ድንገት ሥጋና ወተት አልነካም ከማለት ቀድሞ መንገር ይሻላል። አትክልት ብቻ የሚበላ ቤተሰብ እዚህ ብዙ ነው፤ ሽሮና ምስር ወጥ መሥራት ከቻላችሁ ደስ ይላቸዋል።

ከጎንደር፦ ውሻ እፈራለሁ። ልደብቀው?

መልስ፦ አትደብቂ። እዚህ ውሻው አብሯችሁ ሳሎን ነው የሚውለው። ብስክሌትና ዋናም እንደዚሁ። አልችልም ማለት ነውር የለውም፤ «እችላለሁ» ብሎ የሰው ልጅ ይዞ ውኃ ዳር መቆም ግን አደጋ ነው።

ከጅማ፦ ጀርመን መሄድ እፈልጋለሁ፣ እንዴት ነው?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ አይደለም እህቴ። ዕድሜሽ? ጀርመንኛሽ? ልምድሽ? ቪዛ ስታመለክቺ 18 የሞላሽ፣ 27 ያልሞላሽ መሆን አለብሽ። ጀርመንኛ ቢያንስ ኤ1፣ ማለትም የመጀመሪያውን ደረጃ፣ ይዘሽ ተመለሺ፤ አዲስ አበባ ጀርመንኛ የሚያስተምር ጎተ ኢንስቲትዩት አለ።

ከአዲስ አበባ፦ አክስቴ ሽቱትጋርት ናት። እሷ ብታስተናግደኝ ደብዳቤም አያስፈልገኝ!

መልስ፦ አይቻልም። ዘመድ ዘመዱን በኦፔር አያመጣም። ዘመድ ባትሆን እንኳ፣ ቤተሰቡ አፉን የፈታው በጀርመንኛ ካልሆነ ከትውልድ አገሩ የመጣች ኦፔር መቀበል አይፈቀድለትም። ሐበሻ ቤት ገብተሽ ዓመቱን በአማርኛ እንዳታሳልፊ ነው። አክስትሽ ግን ትልቅ ጥቅም አላት። ደብዳቤሽ ላይ «አክስቴ ሽቱትጋርት ትኖራለች፣ ቅዳሜና እሑድ እጠይቃታለሁ» በይ። እናትየዋ ሰው እንዳለሽ ታውቃለች። አንቺም አንድ ነገር ቢገጥምሽ የምትሄጂበት ቤት አለሽ።

የልጅ አባት፦ ልጄ አንድ ቤተሰብ አገኘሁ አለችኝ። የማላውቀው ሰው ቤት ልልካት ፈራሁ።

መልስ፦ አባቴ፣ ስጋትዎ ትክክል ነው። ሳይፈርሙ በቪዲዮ ይነጋገሩ፤ እናትም አባትም ልጆቹም ይታዩ። እርስዎም አጠገቧ ይቀመጡ፤ ደህና ቤተሰብ በዚህ ደስ ይለዋል። ቀድሞ የነበረችውን ኦፔር ስልክ ይጠይቁ፤ እሷን ማነጋገር ከሁሉም ይበልጣል። በውሉ ላይ ሰዓቱ፣ ዕረፍቱና የኪስ ገንዘቡ በጽሑፍ ይኑር።

ከመቀሌ፦ አንድ ቤተሰብ በአንድ ቀን ተቀብሎኛል። ጠበቃቸው ለቪዛ 300 ዩሮ ላኪ አለኝ፣ የፓስፖርቴን ኮፒም ፈልጓል።

መልስ፦ ከላይ ብያለሁ፣ አሁንም እላለሁ፦ አትላኪ! የቪዛ ክፍያ የሚከፈለው ለኤምባሲው ነው፤ የቤተሰብ ጠበቃ የሚባል ነገር የለም። ሳያይሽ በአንድ ቀን የተቀበለሽ ሰው ልጅ የለውም። ፓስፖርትሽንም በቪዲዮ ላላየሽው ሰው አትስጪ።

ከሐረር፦ ደብዳቤውን በማሽን አስተርጉሜ ብልክስ?

ከኮሎኝ፦ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

መልስ፦ ከዚያስ? በማግስቱ በቪዲዮ ሲደውሉ ያ የረቀቀ ጀርመንኛ ከአፍሽ አይወጣም። በኤ1 አቅምሽ ጻፊው። «ስሜ ይህ ነው፣ ሐረር እኖራለሁ፣ ሁለት ወንድሞች አሉኝ» ብለሽ ጀምሪ። ስህተት ቢኖረውም የአንቺ ነው። ቃላት ለመፈተሽ ማሽኑን ተጠቀሚ።

ከድሬዳዋ፦ ገንዘብ የማይጠይቅ ቤተሰብ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ ለመቀሌዋ የመለስኩትን አንብቢ።

የባህር ዳሯ፦ እቱ፣ ስለ እህቴ እንደገና ጻፍሁት። እዚህ ልለጥፈው?

መልስ፦ ለጥፊው፣ ጎበዝ። ስምሽን፣ ስልክሽንና የሰፈርሽን ስም አውጪ። የእህትሽንም ፎቶ አታድርጊ። ማታ ከሥራ ስመለስ አነበዋለሁ።