«ካሳ» ጎጆ ነው ወይስ ምትክ?

ጥያቄ፦ ስሜ ካሳ ነው። አብሮኝ የሚሠራ ሜክሲኳዊ ስሜን በጠራ ቁጥር «በእኛ ቋንቋ ቤት ማለት ነው» እያለ ይስቃል። ጃፓን ቆይታ የመጣች እህቴ ደግሞ «ጃንጥላ ነው» ትለኛለች። ቃሉ ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ?

መልስ፦ አቶ ካሳ፣ የትም አልደረሰም። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ የእርስዎ ስም ግን የአንዱም ዘመድ አይደለም።

የእኛው ካሳ «ካሰ» ከሚለው ግስ ጋር የሚሄድ ነው፤ የጠፋውን ተካ፣ የጎደለውን ሞላ ማለት ነው። ዳኛ የሚፈርደው የጉዳት ካሳና የእርስዎ ስም አንድ ቃል ናቸው። ልጅ የሞተባቸው ወላጆች ቀጥሎ የተወለደውን ካሳ፣ ካሳሁን ወይም ምትኩ የሚሉት በዚሁ ስሜት ነው። እናትዎን ይጠይቋቸው፤ ከስሙ ጀርባ አንድ ነገር ሳይኖር አይቀርም። በግእዝ ቃሉ «ካሕሳ» ነበር፤ አማርኛ እንደ ልማዱ «ሕ»ን ዋጣትና ካሳ ቀረ።

የሜክሲኮው ካሳ ከላቲን የወረደ ነው። በላቲን ጎጆ ማለት ነበር፤ ደህናው ቤት «ዶሙስ» ይባል ነበር። ይህ ቃል በጣልያንኛ «ካዛ» ሆኖ አዲስ አበባ ድረስ መጥቷል። በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው የጣልያን ተቋም በምህጻር «ኢንቺስ» ይባል ስለነበር ቤቶቹ «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ። የከተማው ሰው አጋጥሞ ካዛንቺስ አላቸው። እንግዲህ ባልደረባዎ ለቃሉ ዘመድ ከፈለገለት ካዛንቺስ ይውረድ እንጂ እርስዎን አያስቸግር።

የጃፓኑ ካሳ ጃንጥላም ነው፣ ገበሬ የሚደፋው ሰፊ ባርኔጣም ነው። በስዋሂሊ ደግሞ ካሳ የባሕር ኤሊ ናት። ፈተናው እዚህ ላይ ይመጣል። ቤት ያስጠልላል፣ ጃንጥላ ያስጠልላል፣ ኤሊም መጠለያዋን በጀርባዋ ተሸክማ ትዞራለች፤ «ስለዚህ የሁሉም ሥር መጠለያ ነው» የሚል ተመራማሪ ለማግኘት ሩቅ አይኬድም። ሐሳቡ ያምራል፤ እኔም በወጣትነቴ እንዲህ ያለውን እየለቀምሁ በደብተር እጽፍ ነበር። ነገር ግን «ከ»፣ «ሰ» እና «አ» በአብዛኛው የዓለም ቋንቋ የሚገኙ ድምፆች ስለሆኑ፣ ሁለት ፊደል ብቻ ያላት ቃል አራት አገር ብትገኝ አይደንቅም። ዝምድናን የሚመሰክረው የቃሉ የጥንት መልክ ነው፤ በእርስዎ ስም መካከል የነበረችው «ሕ» ደግሞ በላቲኑ ጎጆ ውስጥ የለችም።